«ቲቸር፣ የኛ ላይ ጥቁሮቹ የት ሄዱ?» ለክፍልና ለጀማሪ ክሮማቲክ ግሎከንስፒል አመራረጥ

መጀመሪያ የገዛኋቸው ግሎከንስፒሎች፣ በመምቻ የሚመቱት ባለ ብረት የሙዚቃ መሣሪያዎች፣ በቀለማቸው ነው ያታለሉኝ። ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፤ ሲደረደሩ ዓይን ይስባሉ። ለክፍሌ ብዬ 12 ገዛሁ። እያንዳንዳቸው 15 ብረት አላቸው፤ ከዶ ተነስተው ሁለት ሙሉ ኦክታቭ (አንዱ ኦክታቭ ከዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ነው) ይሄዳሉ። ለልጅ ከዚህ በላይ ምን ያስፈልጋል ብዬ ደረቴን ነፍቼ ክፍል ገባሁ።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ጉድ ፈላ። ልጆቹ በደንብ የሚያውቁትን አንድ መዝሙር ይዤ መጣሁ። ለድምፃቸው የሚመቸው በፋ ሜጀር (ከፋ በሚነሳው ቅኝት) ስለነበር በዚያው ጻፍኩላቸው። ፋ ሜጀር ደግሞ ሲ ፍላት፣ ማለትም ከሲ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለችውን፣ ይፈልጋል። የኛ ላይ ያለው ግን ተራው ሲ ብቻ ነው። ቦታው ጋ ሲደርሱ 12ቱም ልጆች እኩል ያቺኑ ብረት መቷት። አንዱ ፊቱን አጨማደደ። አንዷ ሳቀች። ፊት ለፊት የተቀመጠች ልጅ ደግሞ ጥግ ላይ ያለውን ኪቦርድ ስታይ ቆየችና «ቲቸር፣ የኛ ላይ ጥቁሮቹ የት ሄዱ?» አለችኝ።

ምን እላታለሁ? መዝሙሩን ወደ ዶ ሜጀር ቀየርኩት። አሁን ደግሞ ለመዝፈን ከፍ አለባቸው። የዚያን ቀን የገባኝ ነገር እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ። መሣሪያ ገዝቶ ዘፈን መፈለግ የተገላቢጦሽ ነው። መጀመሪያ ልጆቹ በዓመቱ ውስጥ የሚጫወቱትን አምስት ስድስት ዘፈን ወረቀት ላይ ጻፉ። የትኞቹ ድምፆች እንደሚያስፈልጉ ከጎናቸው አስፍሩ። ከዚያ በኋላ ነው ገበያ የሚወጣው።

ስሙን እናጥራ

ግሎከንስፒል በጀርመንኛ «የደወል ጨዋታ» እንደማለት ነው። ጠፍጣፋ ብረቶች ከረጅም ወደ አጭር ተደርድረው በመምቻ ይመታሉ። ብረቶቹ ስቲል ወይም አሉሚኒየም ናቸው። ብዙ ሰው፣ ሻጩም ጭምር፣ «ዛይሎፎን» ይለዋል። ዛይሎፎን ግን የእንጨት ነው። «ዛይሎን» ራሱ በግሪክ እንጨት ማለት ነው። ይሄን የምለው ለማስተካከል ብቻ አይደለም። ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጉ በሁለቱም ስም ፈልጉ፤ ጥሩ ጥሩ ግሎከንስፒሎች «ዛይሎፎን» ተብለው ተለጥፈው ታገኛላችሁ። እንጨት ፈልጎ ብረት የደረሰው ሰውም አውቃለሁ።

ክሮማቲክ የሚባለው በአንድ ኦክታቭ ውስጥ ያሉት 12ቱም ግማሽ ድምፆች ሲኖሩት ነው። በዓይን መለየት ቀላል ነው። ሁለት ረድፍ አለው። የታችኛው ረድፍ እንደ ፒያኖ ነጮቹ፣ የላይኛው እንደ ጥቁሮቹ፣ ሁለት ሁለትና ሦስት ሦስት እየሆነ የተቀመጠ። አንድ ረድፍ ብቻ ካለው ዳያቶኒክ (ነጮቹን ብቻ የያዘ) ነው፤ የኔ 12ቱ እንደነበሩት።

የላይኛው ረድፍ ለጀማሪ ይከብዳል የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ልጁ ያልተነገረውን ብረት አይመታም። ከተነገረው ደግሞ አንድ ብረት ከላይ ቢጨመርበት ምንም አይሆንም። ሶል ሜጀር ፋ ሻርፕ (ከፋ በግማሽ ድምፅ ከፍ ያለችው) ይፈልጋል፣ ፋ ሜጀር ሲ ፍላት፣ ሬ ሜጀር ፋ ሻርፕና ዶ ሻርፕ። የትዝታ ማይነር ቅኝትን ከዶ ልነሳ ብትሉ ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው፤ ከአምስቱ ሁለቱ ላይኛው ረድፍ ላይ ናቸው። ዘፈኑን ለልጆቹ ጉሮሮ ከፍ ወይም ዝቅ የማድረግ ነፃነት የሚገኘው ከዚያ ረድፍ ነው።

ስንት ብረት፣ ከየት እስከ የት?

ማስታወቂያው «ባለ 25» ይላል። ቁጥሩ ብቻውን ብዙ አይናገርም። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ብረት ምን እንደሆነ እዩ።

ለተማሪ በብዛት የሚሠራው ክሮማቲክ 25 ብረት አለው፤ ሁለት ኦክታቭ ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ከሶል እስከ ሶል ነው። ከዶ እስከ ዶ የሚሄድም አለ። ባለ 27ቱ ከሶል እስከ ላ ሊሆን ይችላል። ባለ 30ው ከሶል ተነስቶ ሁለት ኦክታቭ ተኩል ሄዶ ዶ ላይ ያርፋል። ባለ 32ቱ ከታች ፋ ይጨምራል። ባለ 13 ክሮማቲክም አለ፤ አንድ ኦክታቭ ብቻ ነው፣ ከዶ እስከ ዶ። ለመንገድ ላይ መለማመጃ እሺ፣ ለክፍል ግን ቶሎ ያልቃል። ዜማው ከዶ በታች አንዲት ሶል ከፈለገ አለቀ።

ከሶል የሚጀምረውን ስትገዙ አንድ ነገር ጠብቁ። ልጆች በግራ ጫፍ ያለው ብረት ዶ ይመስላቸዋል። የሁሉም እጅ ወደ ጫፍ ይሄዳል። ዶ ግን ከታችኛው ረድፍ አራተኛዋ ናት፦ ሶል፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ። እኔ ዶ ላይ ክብ ነጭ ስቲከር እለጥፋለሁ፤ ከብረቱ ጫፍ፣ ከማሰሪያው ውጪ። መሐል ላይ ከተለጠፈ ድምፁን ያፍነዋል። ከዶ በታች ያሉት ሦስቱ ዝቅተኛ ብረቶች ደግሞ ትርፍ እንዳይመስሏችሁ። አንዱ ልጅ ዜማውን ሲመታ ሌላው ታች ሶልና ዶን እያፈራረቀ ያጅበዋል። ለሁለት ልጅ አንድ መሣሪያ ሲደርስ ይሄ ነው የሚያዋጣው።

ምርጫዬን ቁርጥ አድርጌ ልንገራችሁ፦ ለክፍልም ለጀማሪም ባለ 25፣ ከሶል እስከ ሶል። ባለ 30ው ጥሩ ነው፣ ግን ይከብዳል፣ ጠረጴዛም ይሞላል። ልጁ ሁለት ዓመት ቆይቶ በባንድ ልጫወት ሲል ያኔ ይመጣል።

ሌላ መንገድም አለ። ብረቶቹ የሚነሱ፣ የሚቀየሩ የክፍል መሣሪያዎች። ሐሳቡ ከጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ ከካርል ኦርፍ ጋር የተያያዘ ነው። ኦርፍ እ.ኤ.አ. በ1924 ከዶሮቴ ጉንተር ጋር ሙኒክ ውስጥ ትምህርት ቤት ከፈተ። ጉኒልድ ኬትማን የምትባለው ባልደረባውም እዚያው ሆና ለልጆች የሚሆን ብዙ ሙዚቃ ጻፈች። መሣሪያዎቹን የሠራላቸው ካርል ሜንድለር የሚባል ባለሙያ ነበር። በዚህ ዓይነቱ ሶፕራኖ ግሎከንስፒል ላይ በብዛት ከዶ እስከ ላ 13 ብረት ይደረደራል። ከጎን ሁለት ፋ ሻርፕና አንድ ሲ ፍላት ይሰጣችኋል፤ ፋውን አንስቶ ፋ ሻርፑን መተካት ነው። የቀሩትን ግማሽ ድምፆች የያዘ ሁለተኛ ሳጥን ለብቻው ይሸጣል፤ ከኋላ ሲቆም መሣሪያው ሙሉ ክሮማቲክ ይሆናል።

የዚህ ውበቱ ብረት ማንሳቱ ነው። ፋንና ሲን ታነሳላችሁ። የቀሩት ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ናቸው። ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት ሆነ። ልጁ ምንም ቢመታ ጆሮ የሚቆርጥ ነገር አይወጣም። ለትንንሾች ክፍል ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ችግሩ የተነሱት ብረቶች መጥፋታቸው ነው። አንዷ ሲ ፍላት ከሁለት ወር በኋላ ከመጽሐፍ መደርደሪያ ጀርባ ተገኘችልኝ።

ድምፁ ልክ ነው ወይ?

እዚህ ላይ ረጅም እቆያለሁ። ምክንያቱም የመሣሪያው ዋናው ነገር ይሄ ነው፣ ሰው ግን የሚያየው መጨረሻ ላይ ነው።

ጊታር ከተፈታ ይቃኛል። ግሎከንስፒል አይቃኝም። ፋብሪካ ሲወጣ የያዘውን ይዞ ይኖራል። ልጁ በየሳምንቱ የሚሰማው «ሚ» የተሳሳተ ከሆነ ጆሮው ውስጥ የሚቀመጠው ሚ የተሳሳተ ነው።

ለምን እንደሚበላሽ ላሳያችሁ። የብረቱ ድምፅ ከፍታ የሚወሰነው በርዝመቱና በውፍረቱ ነው። ስፋቱ አይቀይረውም። ርዝመቱ ደግሞ በጣም ያዛል፤ ውፍረቱ ሳይለወጥ ብረቱን በግማሽ ብታሳጥሩት ድምፁ ሁለት ኦክታቭ ይወጣል። 20 ሴንቲ ሜትር ብረት ካላችሁ፣ የእሱ የላይ ኦክታቭ ወደ 14 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው እንጂ 10 አይደለም።

አሁን ግማሽ ሚሊ ሜትር እንቁረጥ። 20 ሴንቲ ሜትር ካለው ረጅሙ ብረት ላይ ብትቆርጡ ድምፁ በ9 ሴንት ገደማ ብቻ ከፍ ይላል። አንድ ግማሽ ድምፅ 100 ሴንት ነው፣ ስለዚህ ብዙ ሰው ላያስተውለው ይችላል። ያንኑ ግማሽ ሚሊ ሜትር 5 ሴንቲ ሜትር ካላት አጭር ብረት ላይ ብትቆርጡ ግን 35 ሴንት ገደማ ይዘላል። የግማሽ ድምፅ ሲሶ! ርካሽ መሣሪያ ላይ የታችኞቹ ብረቶች ደህና መስለው ላይኞቹ የሚያብዱት ለዚህ ነው። ከላይ ጀምራችሁ ፈትሹ የምለውም ለዚህ ነው።

ስትገዙ እንዲህ አድርጉ። ስልካችሁ ላይ መቃኛ አፕ ጫኑ። መሣሪያውን ጸጥ ያለ ቦታ አስቀምጡት። አንዷን ብረት ቀለል አድርጋችሁ አንዴ ምቱ። የመጀመሪያውን «ቃ» አትዩት፤ ግማሽ ሰከንድ ጠብቁና የሚቀረውን ጥሪ እዩ። መምቻው ደረቅ ፕላስቲክ ከሆነ አፑ ይደናገራል፤ የጎማ መምቻ ይሻላል። አንዳንድ አፕ የላይኛው ኦክታቭ ላይ ጨርሶ አያነብም፣ ድምፁ በጣም ከፍተኛ ስለሆነ። የባለ 25ቱ የላይኛው ሶል ከ3,100 ኸርዝ በላይ ነው። አፑ ካላነበበ ጆሮ አለ፦ ታች ሶልንና ላይ ሶልን ተራ በተራ፣ ከዚያ በሁለት መምቻ እኩል ምቱ። ልክ ከሆኑ እንደ አንድ ድምፅ ይዋሃዳሉ። ካልሆኑ መሐላቸው የሆነ መንቀጥቀጥ፣ የሆነ ጎምዛዛ ነገር ትሰማላችሁ። ሁሉንም ኦክታቭ እንዲህ እያጣመራችሁ ሂዱ። ሰው ቆሞ ቢያያችሁ አትፈሩ።

የኔ መለኪያ ይሄ ነው። ሁሉም ብረት 10 ሴንት ውስጥ ከሆነ ደስ ብሎኝ እወስዳለሁ። አንዲት ብረት 20 ከሄደች አመነታለሁ። 30 የሄደች ካለች በነፃ ቢሰጡኝም ለክፍል አልወስድም። ይሄ የኔ ልምድ ነው እንጂ ሕግ አይደለም።

ደግሞ የተቃኘበትን መነሻ ጠይቁ። አንዳንዱ ላይ ላ 440 ኸርዝ ነው፣ ለኦርኬስትራ የታሰቡት ደግሞ 442 ወይም 443 ሆነው ይመጣሉ። 442 ከ440 በ8 ሴንት ገደማ ይበልጣል። ብቻውን ሲመታ ምንም አይደለም። ክፍል ውስጥ ኪቦርድ ካላችሁና ኪቦርዱ 440 ከሆነ ግን ግሎከንስፒሉንም 440 አድርጉ። ከሁሉም በላይ ለክፍል የምትገዙት በሙሉ አንድ ዓይነት ይሁን። ሁለት የተለያየ ሞዴል አንድ ላይ ሲመታ ምን እንደሚመስል አንዴ ሰምቼዋለሁ፤ ይበቃኛል።

ሻጩ «ይስተካከላል» ካላችሁ፣ አዎ፣ ይቻላል። ከብረቱ መሐል ከሥር ሲሞረድ ድምፁ ይወርዳል፣ ከጫፍ ሲሞረድ ይወጣል። ግን የባለሙያ ሥራ ነው። እኔ በሞረድ ሞክሬ አንዲት ላ ገድያለሁ።

የሚጠራና የሚያንቀላፋ ብረት

ልክ መሆኑ አንድ ነገር ነው፣ መጥራቱ ሌላ። እያንዳንዱን ብረት ስትመቱ በልባችሁ ቁጠሩ። አንዱ አምስት ድረስ እየጠራ ጎረቤቱ ሁለት ላይ «ዱክ» ብሎ ከቆመ፣ ብረቱ ሳይሆን አቀማመጡ ነው ችግሩ።

ብረት ሲመታ እንደ ቀስት ይታጠፋል። መሐሉና ጫፎቹ ይንቀጠቀጣሉ፤ የማይነቃነቁ ሁለት ቦታዎች ግን አሉ። ከየጫፉ የርዝመቱ 22 በመቶ ገደማ ገባ ብለው ናቸው። 10 ሴንቲ ሜትር ብረት ከሆነ ከየጫፉ ሁለት ሴንቲ ሜትር ከምናምን። ብረቱ መያዝ ያለበት እዚያ ነው፣ ሚስማሩም ገመዱም ጎማውም። ፋብሪካው ሰንፎ ቀዳዳውን ሌላ ቦታ ከበሳው ብረቱ እጁን እንደተያዘ ሰው ነው፣ አይንቀሳቀስም።

ለልጆች ይሄን በጨው አሳያቸዋለሁ። ከሚነሱት ብረቶች ረጅሟን ወስጄ በሁለት ስፖንጅ ላይ አስቀምጣለሁ። ደቃቅ ጨው እበትንባታለሁ። ከዚያ መሐሏን ቀስ እያልኩ ደጋግሜ እመታለሁ። ጨው እየዘለለ፣ እየዘለለ ሁለት መስመር ላይ ይሰበሰባል። ልጆቹ ዝም ይላሉ። ክፍሌ ዝም የሚልባቸው ጊዜያት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ይሄ አንዱ ነው። ግዢ ላይ ጨው ይዛችሁ ሂዱ አልልም። ቀዳዳዎቹ የት እንዳሉ በዓይን ማየት ይበቃል። ሁለት ቀጥ ያሉ፣ ወደ ላይኛው ጫፍ እየተጠጋጉ የሚሄዱ መስመሮች መሥራት አለባቸው።

ከዚያ መሣሪያውን አንሱና ቀስ ብላችሁ ነቅንቁት። መንሿሿት ጥሩ ምልክት አይደለም። የላላ ሚስማር፣ የወለቀ ጎማ፣ የተሰነጠቀ ሳጥን ሁሉ በዚህ ይያዛል። በተቃራኒው ሚስማሩ ብረቱን ጥርቅም አድርጎ ከያዘውም አይጠራም። ብረቱን በጣት ጫፍ ስትነኩት ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ መንቀሳቀስ አለበት። ከሥሩ ለስላሳ ጨርቅ ወይም ጎማ መኖሩንም እዩ። መለዋወጫ ጎማ አብሮ የሚመጣለት መሣሪያ ካገኛችሁ በሁለት እጃችሁ ያዙት፤ ከሁሉ ቀድሞ የሚያልቀው እሱ ነው።

ስፋቱስ? ለድምፅ ከፍታ ምንም አያደርግም ብያለሁ፣ ለልጅ እጅ ግን ያደርጋል። የተማሪ መሣሪያ ብረት 2.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት አለው። ከዚያ በታች ከሆነ ልጁ ሬን ፈልጎ ሚን ይመታል። በሁለቱ ረድፍ መካከል ያለውንም ክፍተት ተመልከቱ። የላይኛው ረድፍ ከፍ ብሎ ከተቀመጠ የታችኞቹን ስትመቱ መምቻው ጠርዙን እንዳይገጨው ፈትሹ። ራሳችሁ መታችሁ እዩት፣ በፎቶ አይታወቅም።

መምቻው የመሣሪያው ግማሽ ነው

አንድ ወላጅ «የገዛሁት መሣሪያ ጆሮ ይበሳል፣ ልመልሰው ነው» አለኝ። አምጣው አልኩት። መሣሪያው ደህና ነበር። አብሮት የመጣው መምቻ ቀጭን የፕላስቲክ ዘንግና ጫፉ ላይ እንደ ዶቃ የደረቀች ኳስ ነው። የኔን የጎማ መምቻ ሰጠሁት። ሁለት ሦስት መታ። «ሌላ መሣሪያ ሆነ እኮ!» አለ። ሳይመልሰው ቀረ።

ሕጉ ቀላል ነው። መምቻው በደረቀ ቁጥር ድምፁ ይሳላል፣ ይበራል፤ በለሰለሰ ቁጥር ይለሰልሳል። ደረቅ ጎማ ወይም የእንጨት ኳስ ለክፍል መሐለኛው መንገድ ነው። የፕላስቲኩ ብዙ ሰው መሐል ጎልቶ መሰማት ለሚፈልግ ነው። በክር የተጠቀለለ ለስላሳ መምቻ ለማሪምባ፣ ለትልቁ የእንጨት መሣሪያ፣ ነው፤ ግሎከንስፒል ላይ «ቱፍ» ይላል እንጂ አይጠራም። የናስ መምቻ ወፍራም የስቲል ብረት ላላቸው የኦርኬስትራ መሣሪያዎች ነው። አሉሚኒየም ላይ አትሞክሩት፣ ይሰረጉዳል።

ለአንድ ልጅ ሁለት መምቻ፣ በተጨማሪም ለክፍሉ ጥቂት መጠባበቂያ ጥንድ ግዙ። ዘንጉ ላይ ደግሞ ልጁ የሚይዝበትን ቦታ በቀለም ፕላስተር ጠቅልሉለት። ያለዚያ ጫፉ ድረስ ወርዶ እንደ እርሳስ ይይዘዋል። አመታቱን ለማስተማር የምለው አንድ ነገር ነው፦ ብረቱ ትኩስ ነው፣ እንዳያቃጥልህ። ልጁ ነክቶ ይነሳል። ተጭኖ ከቆየ ድምፁን ራሱ ያፍነዋል። የሚመታው ደግሞ የብረቱ መሐል ነው። ማሰሪያው ላይ ከመታ ምንም አይጠራም፤ ከጨዉ ትዝ ካላችሁ ምክንያቱን ታውቁታላችሁ።

የተጻፉትን ፊደሎች አንብቡ

ይሄ የኛ ልጆች ጣጣ ነው። ብረቱ ላይ የሚቀረጸው የላቲን ፊደል ነው። ዶ ላይ ያለችው ፊደል «ሲ» ተብላ ትነበባለች። ልጁ ደግሞ ከዶ ሬ ሚ የሚያውቀው ሲ ሰባተኛው ነው። «ሲን ምታ» ስትሉት ግማሹ ዶን፣ ግማሹ ሲን ይመታል፤ ሁለቱም ልክ ናቸው! አንዱን መርጣችሁ በሱ ጽኑ። እኔ ዶ ሬ ሚ መርጬ የላቲኑን ፊደል «የብረቱ ስም» እለዋለሁ።

ሁለተኛ ወጥመድ አለ። በጀርመን አጻጻፍ ሲ የሚጻፈው «ኤች» በምትባለው ፊደል ነው። «ቢ» ደግሞ ሲ ፍላት ናት። በእንግሊዝኛው ግን «ቢ» ራሷ ሲ ናት። ስለዚህ «ኤች» የተጻፈበት ብረት ብታዩ ስህተት አይደለም፣ ሁሉንም ፊደሎች በዚያው ሥርዓት አንብቡት። በላይኛው ረድፍም እያንዳንዱ ብረት ሁለት ስም እንዳለው ቀድማችሁ አስተምሩ። ፋ ሻርፕና ሶል ፍላት አንድ ብረት ናቸው፤ የተቀረጸው አንዱ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ቀለምን ጠላሁ ብዬ አልዋሽም። ትንሽ ልጅን ይረዳል። ግን ቀለሙ በስቲከር ይሁን እንጂ በብረቱ ላይ የተቀባ አይሁን። ወፍራም ቀለም የብረቱን ጥሪ ያሳጥራል፣ ሲላጥም ያስጠላል። ደግሞ ክፍላችሁ ውስጥ ሲመቱ ድምፅ የሚሰጡ ባለ ቀለም ቱቦዎች ወይም ባለ ቀለም የኖታ ወረቀት ካለ፣ ቀለሞቹ ይግጠሙ። አንዱ ላይ ዶ ቀይ፣ ሌላው ላይ ዶ ሰማያዊ ከሆነ ባይኖር ይሻላል።

ሳጥኑና ክፍሉ

ሳጥኑ ጠንካራ ይሁን፣ መያዣ ይኑረው፣ መዝጊያው በልጅ ጣት የሚከፈት ይሁን። ከሥሩ የማያንሸራትት ጎማ ከሌለው ፎጣ አንጥፉ። ስቲል እርጥበት አይወድም፣ ይዝጋል፤ ከተጫወቱ በኋላ በደረቅ ጨርቅ ጠረግ ማድረግ ነው።

ስንት ይገዛ ለሚለው ጥያቄ ሰው ሁሉ «ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ» ማለት ይወዳል። እኔ ለሁለት ልጅ አንድ እላለሁ፣ ገንዘብ ቢተርፍም። 20 ልጅ በአንድ ክፍል ውስጥ ደረቅ መምቻ ይዞ እኩል ሲመታ ራስ ያዞራል፤ የግሎከንስፒል ድምፅ ከፍተኛ ስለሆነ ግድግዳ ላይ ይነጥራል። ከጥንዱ አንዱ ይመታል፣ ሌላው ይዘፍናል፣ ወይም ቀጥሎ የሚመታውን ብረት በጣቱ ይጠቁማል። ከዚያ ይቀያየራሉ። ሌላም ሥራ አለው፦ ዘፈኑ ሲያልቅ ብረቶቹን በመዳፉ ማፈን። ካልታፈኑ ጥሪው ተደራርቦ ይቆያል፤ «ዝም በሉ» ብትሉም ክፍሉ አሁንም ይዘፍናል።

ከመዝፈን ጋር አንድ ማስጠንቀቂያ። መሣሪያው ከተጻፈው ሁለት ኦክታቭ ከፍ ብሎ ነው የሚሰማው። ልጁ ያንን ሰምቶ ድምፁን ላስመስል ሲል ይጮኻል፣ ወይም ይጠፋበታል። መነሻ ድምፁን በራሳችሁ ድምፅ ወይም በኪቦርድ ስጡት፣ ግሎከንስፒሉ ይከተል።

ቤት ለሚለማመድ ጀማሪ ብዙ የምጨምረው የለም። ባለ 25፣ የጎማ መምቻ፣ ከጠረጴዛው ጋር የማይንሸራተት። ቁመቱን ግን ተጠንቀቁ። ቁጭ ብሎ ሲጫወት ብረቶቹ ከክርኑ ትንሽ ዝቅ ይበሉ። ፒያኖ መማር ለሚፈልግ ልጅ ጥሩ በር ነው፤ የሁለቱ ረድፍ አቀማመጥ ያው ስለሆነ ዓይኑ ቀድሞ ይለምደዋል።

ዕቃው በፖስታ ከመጣ በደረሰ ቀን ክፈቱት። ሁሉንም ብረት ከላይ ወደ ታች ምቱ፣ በስልክ ቅዱት፣ የሳቱትን ጻፉ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ የመመለሻው ጊዜ ካለፈ በኋላ የሰማችሁት ስህተት የእናንተው ነው።

እነዚያ 12ቱ የቀስተ ደመና መሣሪያዎች ምን ሆኑ? አልጣልኳቸውም። አንድ ከሰዓት ቁጭ ብዬ ከእያንዳንዳቸው ላይ የፋንና የሲን ሚስማር በጉጠት ነቀልኩ። የነቀልኳቸው ብረቶች በአንድ ቆርቆሮ ተጠራቅመዋል። የቀሩት አምስት አምስት ድምፆች አሁን የትንንሾቹ ክፍል ናቸው። ያቺ ልጅ ደግሞ ክሮማቲኮቹ የመጡ ቀን መጀመሪያ የመታችው ሲ ፍላትን ነበር።